ፊደል የቆጠረ ሁሉ አንባቢ ነውን?

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ብዙ አጥቢያዎች ለችግረኛ ልጆች ደብተርና እስክሪብቶ ያከፋፍላሉ። ሰኔ ላይ ደግሞ ከየክፍላቸው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ልጆች በዐውደ ምሕረት ቆመው መጽሐፍ ይሸለማሉ፤ እናቶችም እልል ይላሉ። ሰበካ ጉባኤው ጥቂት ገንዘብ ያለው እንደሆነ ለስምንተኛ ወይም ለዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኞች ማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥ መምህር ይቀጥራል። ይህ ሁሉ በበጎ ፈቃድ የሚደረግ ነውና አይነቀፍም። ነገር ግን ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ ትምህርት ከተደረጉት ጥናቶች ብዙዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ያመለክቱናል። አብዛኞቹ ልጆች ወደ ኋላ የሚቀሩት ከፈተናው ዓመት እጅግ ቀድሞ፣ ገና በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ሳሉ ነው፤ ምክንያቱም ማንበብ ሳይችሉ ከክፍል ወደ ክፍል ያልፋሉ። በዚህ ጽሑፍ ጥናቶቹ ያገኙትን፣ ከአብነት ትምህርት ቤታችን ልማድ ጋር የሚገናኙበትን ቦታና አንድ አጥቢያ በትንሽ ወጪ ሊሠራ የሚችለውን ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት አባቶች ለማስረዳት እንሞክራለን።

በቅድሚያ የቅርቡን እናስታውስ። የ2014 ዓ.ም. የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲገለጥ ሃምሳ ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.3 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነ። በጊዜው አንዱ ፈተናውን፣ አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ተንቀሳቃሽ ስልኩን ወቀሰ። ሁሉም ከእውነት ድርሻ ይኖራቸው ይሆናል። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ተፈታኝ የነበረው ወጣት ክፍል ሳይደግም የመጣ ከሆነ በ2004 ዓ.ም. የሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበረ። በዚያ ዘመን የሁለተኛ ክፍል ልጆቻችን ምን ያህል ያነቡ ነበር? ይህን ጥያቄ በግምት መመለስ አያስፈልገንም።

በ2002 ዓ.ም. በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ፣ በሲዳምኛና በሐረሪ ቋንቋ የሚማሩ የሁለተኛና የሦስተኛ ክፍል ልጆች አንድ በአንድ እየተጠሩ እንዲያነቡ የተደረገበት ሰፊ ምዘና ተካሂዶ ነበር። ለክፍላቸው የተመጠነ አጭር ታሪክ ከተሰጣቸው የሁለተኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶ የሚሆኑት ከታሪኩ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ስላነበቡት ነገር ሲጠየቁ ከጥያቄዎቹ አንዱንም ያልመለሱት 48 ከመቶ ነበሩ። በሦስተኛ ክፍል እንኳ ከአምስት ልጆች አንዱ አንዲት ቃል አላነበበም። በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማር በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የተፈቀደ ነውና ልጆቹ የተፈተኑት በባዕድ ቋንቋ አልነበረም። የዓለም ባንክም ከጥቂት ዓመታት በፊት ባወጣው ስሌት በኢትዮጵያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ሊጨርሱ ከሚቃረቡ ልጆች መካከል ከመቶው ዘጠና ያህሉ ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው መረዳት እንደማይችሉ ገልጿል።

ከእነዚህ ቁጥሮች በኋላ የኮሮና ወረርሽኝ ትምህርት ቤቶችን በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ዘጋ። ጦርነቱ ደግሞ በትግራይ፣ በኋላም በአማራ ክልልና በሌሎች አካባቢዎች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆችን ለዓመታት ከትምህርት ገበታ አራቀ። ዛሬ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ በዕድሜው አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ቢቀመጥም ትምህርቱን ያቋረጠው ሁለተኛ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። አንድ መምህር ስድሳና ሰባ ልጆች በያዘ ክፍል ውስጥ የአምስተኛ ክፍልን መጽሐፍ ሲያስተምር ፊደል የማይለይ፣ ቃል የሚያነብና ታሪክ የሚያነብ ልጆች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ይሰሙታል።

ማንበብ ማለት ምን ማለት እንደሆነ

የንባብ ተመራማሪዎች የደረሱበት ነገር በአንድ በኩል ቀላል ነው። የሰው አእምሮ በአንድ ጊዜ ይዞ ሊያቆይ የሚችለው ነገር ውሱን ነው። አንድ ልጅ እያንዳንዱን ፊደል እያሰበ፣ እየተጠራጠረና እየመለሰ የሚያነብ ከሆነ ዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ከአእምሮው ጠፍቷል። ሐሳቡ ሁሉ ፊደሉን በመለየት ላይ ስለዋለ ለትርጉሙ የተረፈ የለም። ንባቡ ሲቀልለት ግን አእምሮው ለትርጉሙ ነጻ ይሆናል። እንግዲህ ፍጥነቱ የሚፈለገው ለእሽቅድምድም ሳይሆን ማስተዋል ቦታ እንዲያገኝ ነው።

በእኛ ፊደል ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ጽሕፈታችን ጥብቀትንና ላልነትን አያሳይም። "ገና አልደረሰም" የሚለውን ዐረፍተ ነገር ብንወስድ ቃሉን አጥብቀን ብናነበው የልደት በዓል ቀኑ እንዳልደረሰ ይነግረናል፤ አላልተን ብናነበው ደግሞ የምንጠብቀው ሰው እስካሁን እንዳልመጣ ይነግረናል። የትኛው እንደሆነ የሚወስነው ከፊቱና ከኋላው ያለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ በአማርኛ አሳምሮ የሚያነብ ልጅ እያነበበ የሚያስተውል ልጅ ነው፤ ያላስተዋለ ልጅ ድምፁንም ይስታል። የንባብ ቤት መምህራን ተነሹን፣ ወዳቂውንና ሰያፉን፣ የሚጠብቀውንና የሚላላውን በብርቱ የሚቆጣጠሩት በከንቱ አይደለም።

ሌላም እንቅፋት አለ። ከሠላሳ ሦስቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ድምፅ ሲወጣ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ቅርጽ ይሆናል፤ ዲቃሎቹ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። ብዙ ቅርጾችም ይመሳሰላሉ። ልጆች ይህን ገበታ በዜማ እየጮኹ ስለሚማሩት "ሀ ሁ ሂ ሃ" ብለው እስከ ፐ ይወርዱታል። ወላጅም ልጄ ፊደል ለየ ይላል። ነገር ግን ከገበታው መካከል አንዲት ፊደል ነጥለው ቢጠይቁት ልጁ ከመጀመሪያው ጀምሮ በልቡ እየዘመረ እዚያ እስኪደርስ ድረስ መልስ የለውም። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አላወቀምና።

አበው ይህን ችግር ከዘመናዊው ጥናት አስቀድመው ያውቁት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ልጁ ሀሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚቆጥረው ለምንድን ነው? "አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ" ሲባል የፊደሉ ተራም የድምፁ ተራም ይለወጣል፤ አንዱ ግዕዝ፣ ቀጣዩ ካዕብ፣ ቀጣዩ ሣልስ እያለ ይሄዳል። በሀሁ የለመደው ዜማ እዚህ አያድነውም፤ እያንዳንዱን ቅርጽ በዓይኑ ማወቅ ይኖርበታል። የኔታም በስንደዶው ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ እየዘለለ ይጠይቀዋል። በዛሬው አነጋገር ይህ ምዘና ነው፤ ያውም ልጁ ሳያውቅ እንዳያልፍ የሚያደርግ ምዘና።

ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ ነው። ተማሪው ፊደለ ሐዋርያ በምንለው በዮሐንስ መልእክት ይጀምርና መጀመሪያ በቁጥር፣ ከዚያ በግዕዝ ንባብ፣ ከዚያ በውርድ ንባብ፣ በመጨረሻም በቁም ንባብ ያነባል። ቁጥሩ ሳይጸናለት ወደ ግዕዝ አይሻገርም። አምና የመጣው ልጅ ዘንድሮ ገና ቁጥር ላይ ቢሆን፣ ዘንድሮ የመጣው ደግሞ ውርድ ንባብ ደርሶ ቢሆን ማንም አይደነቅም፤ ዕድሜና የመጣበት ዓመት ደረጃውን አይወስኑለትም። የኔታ እያንዳንዱን ልጅ በየቀኑ ለብቻው ይሰማዋል፤ የቀደመውም ልጅ የኋለኛውን ያስጠናዋል። አንድ የኔታ በዛፍ ጥላ ሥር ዐርባ ልጅ ሊያስተምር የቻለው በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህን ስንል ያለፈውን ሁሉ ለማመስገን አይደለም። የአብነት ትምህርት ቤት በዱላና በማስፈራራት ያባረራቸው ልጆች ቁጥር ቀላል አልነበረም፤ ሴቶች ልጆችም በአብዛኛው ከደጁ ርቀው ቀርተዋል። ከዚህም በላይ ልጁ ዳዊትን እስኪደግም ድረስ የሚያነበው በግዕዝ ነው፤ የቃሉን ምስጢር የሚያገኘውም ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ትርጓሜ ቤት የመግባት ዕድል ከገጠመው ነው። አብዛኛው ልጅ እዚያ ሳይደርስ ይቀራል። ፊልጶስ በሠረገላ ተቀምጦ ያነብ የነበረውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ የጠየቀው ስለ ንባቡ ሳይሆን ስለ ማስተዋሉ እንደነበረ ካህናት አባቶች ዘወትር የሚሰብኩት ነው። ጥናቶቹም "ምን ተባለ?" የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያዋ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ይጠየቅ ይላሉ። በዚህ ነገር የድሮውን ሥርዓት ሳይሆን ጥናቶቹን መከተል ይሻላል ብለን እናምናለን።

ከሕንድና ከኬንያ የተገኘው

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሙምባይ ከተማ የተመሠረተ ፕራታም የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ለድሃ ሰፈሮች ልጆች ሲያስተምር ያየው ነገር እኛ ካየነው ብዙም አይለይም፤ ልጆቹ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፣ አያነቡም። ድርጅቱ በ2005 እ.ኤ.አ. በመንደር በመንደር እየዞረ በአንዲት ገጽ የልጆችን ንባብ የሚመዝን ዓመታዊ ዳሰሳ ጀመረ። ከዚያም ልጆችን በክፍላቸው ሳይሆን በሚያነቡት መጠን መድቦ ማስተማር ያዘ። ፊደል የማይለዩት አንድ ላይ፣ ቃል የሚያነቡት አንድ ላይ፣ አንቀጽ የሚያነቡት አንድ ላይ ሆኑ። የአምስተኛ ክፍሉና የሦስተኛ ክፍሉ ልጅ በአንድ ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ልጁ ሲሻሻል ወደ ቀጣዩ ቡድን ይሻገራል። ንባብ ቤትን ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

አቢጂት ባነርጂና ኤስተር ዱፍሎ የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ከባልደረቦቻቸው ጋር ይህን አሠራር ለዓመታት መረመሩት። የምርምራቸው መንገድ በዕጣ የተመረጡ መንደሮች ወይም ትምህርት ቤቶች ትምህርቱን እንዲያገኙ፣ ሌሎቹ በነበሩበት እንዲቆዩ አድርጎ ሁለቱን ማወዳደር ነው። ከማይክል ክሬመር ጋር ሆነው በ2019 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ያገኙትም ድህነትን ለመቀነስ በዚህ መንገድ ስላጠኑ ነው። ኡታር ፕራዴሽ በተባለው ሰፊ ክፍለ ሀገር ልጆች በየዐሥርና በየሃያ ቀኑ ዙር፣ በድምሩ ለሃምሳ ቀን ያህል እንደየደረጃቸው ተማሩ። በመጨረሻ ሲመዘኑ ከእነርሱ ግማሽ ያህሉ አንቀጽ ወይም ታሪክ ማንበብ ሲችሉ ትምህርቱን ካላገኙት መካከል ግን የቻሉት ሩብ ያህሉ ብቻ ነበሩ። ሃምሳ ቀን ማለት ከዓቢይ ጾም የምታንስ ጊዜ ናት።

ከዚህ ውጤት ይልቅ እኛን ያስተማረን ግን ያልተሳካው ነው። በአንዳንድ ቦታዎች መምህራን ሠለጠኑ፣ መርጃ መሣሪያውም ተሰጣቸው፤ የልጆቹ ንባብ ግን አልተለወጠም። መምህራኑ ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ መጽሐፉን የመጨረስ ግዴታ ስላለባቸው አዲሱን አሠራር ወደ ጎን ተዉት። በሌላ ስፍራ ደግሞ መንግሥት በየቀኑ አንድ ሰዓት ለዚህ ሥራ ብቻ እንዲለይ ሲያዝ እነዚያው የመንግሥት መምህራን ውጤት አመጡ። ዛምቢያም ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ከሦስተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉ ልጆች በየቀኑ አንድ ሰዓት ለይታ ይህንኑ እያስፋፋች ነው። የተለየ ሰዓት ከሌለ ሥልጠና ብቻውን ከንቱ ነው ማለት ይቻላል።

ስለ መጻሕፍት ደግሞ ወደ ጎረቤታችን ኬንያ እንሻገር። ክሬመርና ባልደረቦቹ በምዕራብ ኬንያ ትምህርት ቤቶች የመማሪያ መጻሕፍት በነጻ ሲታደሉ ምን እንደተገኘ አጥንተው ነበር። ብዙ ሰው የልጆቹ ሁሉ ውጤት ከፍ ይላል ብሎ ጠበቀ። የተጠቀሙት ግን ቀድሞውኑ ጎበዝ የነበሩት ብቻ ነበሩ። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፤ ለአብዛኞቹ ልጆች እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋቸው ስለነበረ መጽሐፉን ይዘው አላነበቡትም። ማንበብ ለሚችል ልጅ የተሰጠ መጽሐፍ ስጦታ ነው፤ ለማይችለው ግን መያዣ የሌለው ማሰሮ ይሆንበታል።

ከዚህ ተነሥቶ መጽሐፍ አይጠቅምም የሚል ድምዳሜ እንዳይወሰድ እንፈልጋለን። እዚያው ኬንያ ቱሶሜ የተባለው አገር አቀፍ የንባብ መርሐ ግብር ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእያንዳንዱ ልጅ ለደረጃው የሚስማማ መጽሐፍ፣ ለመምህሩ የየዕለቱን ትምህርት ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ መምሪያ፣ በየጊዜውም ክፍል ገብቶ የሚያየውና የሚመክረው ሰው አቀናጅቶ ጥሩ ውጤት አስመዝግቧል። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው መጽሐፉ ፍሬ የሚያፈራው። በአገራችንም ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መጻሕፍት ተዘጋጅተው ነበር። መሣሪያ ብቻውን እንደማይበቃ ለማወቅ ግን ሩቅ አንሄድም፤ በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን ፕላዝማ የሚያስታውስ ሁሉ መምህሩ ዳር ቆሞ፣ ስክሪኑ ለማንም ሳይጠብቅ ሲሮጥ ያስታውሳል። በፔሩም ለልጆች በብዛት የታደሉት ላፕቶፖች የንባብና የሒሳብ ውጤታቸውን እንዳላሻሻሉ ተረጋግጧል።

እንግዲህ በመግቢያችን ወዳነሣነው የሰኔ ሽልማት እንመለስ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጣው ልጅ በኬንያው ጥናት መጽሐፍ የጠቀመው ልጅ ነው፤ ያለ እኛ ሽልማትም ይዘልቃል። በዐውደ ምሕረቱ ጥግ ቆሞ የሚያጨበጭበው የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን ስሙን ከመጻፍ ያለፈ አያውቅ ይሆናል፤ እርሱን ማንም አልመዘነውም። የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ማጠናከሪያም ቢሆን ከመሠረቱ ዐሥር ዓመት ዘግይቶ የሚደርስ ነው። ሰበካ ጉባኤ ለትምህርት የሚያወጣው ውሱን ብር ያለው እንደሆነ ቅድሚያውን ከሁለተኛ እስከ አምስተኛ ክፍል ላሉ፣ ማንበብ ላልቻሉ ልጆች ቢያደርግ ይሻላል የሚል አቋም አለን። ለወላጆች ይህን ማስረዳት ቀላል እንደማይሆን እናውቃለን፤ ሽልማት ይታያል፣ ፎቶግራፍም ይነሣበታል፤ ፊደል ያልለየውን ልጅ ማስጠናት ግን እልልታ የለውም።

አጥቢያው በምን ይጀምር?

በምዘና ይጀምር። ለዚህ የሚያስፈልገው አንዲት ወረቀት ናት። በወረቀቷ ላይ ተራቸው የተዘበራረቀ ዐሥር ያህል ፊደላት፣ ዐሥር ያህል አጫጭር ቃላት፣ አራት መሥመር ያለው አንቀጽና ስምንት ወይም ዐሥር መሥመር ያለው ታሪክ በጉልህ ይጻፋሉ። አንቀጹ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፤ "ከበደ አንዲት ላም አለችው። ላሟ ጥቁር ናት። ሁልጊዜ ጠዋት ትታለባለች። ከበደ ወተቱን ለእናቱ ይወስዳል።" ልጁ ለብቻው ይጠራል፤ መጀመሪያ አንቀጹን ያነባል። ካነበበው ታሪኩ ይሰጠዋል። ካልቻለ ወደ ቃላቱ ይወርዳል፤ ከመረጣቸው አምስት ቃላት አራቱን ካነበበ ደረጃው ቃል ነው። ይህንም ካልቻለ ወደ ፊደል ይወርዳል። ሳይደናቀፍ ያነበበው የመጨረሻው ከፍታ ደረጃው ሆኖ ይመዘገባል። አንቀጹን ያነበበውንም "ወተቱን ለማን ይወስዳል?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአንድ ልጅ አምስት ደቂቃ ይበቃል። ልጁ በሌሎች ፊት እንዳያፍር ራቅ ብሎ መቀመጥና ስሕተቱን አለመንቀፍ ይገባል፤ ምዘናው የእኛን እንጂ የልጁን ሥራ የሚፈትን አይደለም።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ በሦስት ወይም በአራት ቡድን ይመደባሉ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን ከዐሥራ አምስት እስከ ሃያ ልጅ ቢሆን መልካም ነው። ዝቅተኛው ቡድን ፊደልን እየዘለለ ይለያል፣ በፊደል ካርድ ቃል ይሠራል፣ መምህሩ የሚያነብለትን አጭር ታሪክ ይሰማል፣ ስለሰማውም ይናገራል። ሁለተኛው ቃላትን አያይዞ ዐረፍተ ነገር ያነባል። ከፍተኛው አጭር ታሪክ አንብቦ በራሱ ቃል ይተርካል፣ መጨረሻውንም ለውጦ ይጽፋል። ጊዜው በቀን አንድ ሰዓት ነው፤ ቢያንስ በሳምንት አራት ቀን። በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ልጆቹ እንደገና ተመዝነው የተሻሻለው ይሻገራል።

የሚያስተምረውስ ማን ነው? የሕንዱ ልምድ የሚያረጋግጠው ለዚህ ሥራ ዲግሪ ያለው መምህር ግዴታ አለመሆኑን ነው፤ ብዙዎቹ አስተማሪዎች በአጭር ጊዜ የሠለጠኑ የመንደሩ ወጣቶች ነበሩ። በአጥቢያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አሉ፤ ንባብ ቤት ያለፉ ዲያቆናት አሉ፤ በክረምት ከዩኒቨርሲቲ የሚመለሱ ተማሪዎች አሉ፤ በጡረታ ያረፉ መምህራንም አይጠፉም። እነዚህ የአምስት ቀን ሥልጠና፣ የትራንስፖርት ወጪና በየሳምንቱ መጥቶ የሚያያቸው አንድ ኃላፊ ያስፈልጓቸዋል። ኃላፊው ካልተመደበ ሥራው በሦስተኛው ሳምንት ይቀዘቅዛል። ልጆች ከአንድ አዋቂ ጋር ብቻቸውን በዝግ ክፍል እንዳይሆኑ፣ ዱላም ፈጽሞ እንዳይገባ ከመጀመሪያው በጽሑፍ ይወሰን።

ሁለት ጥንቃቄዎችን ካህናት አባቶች ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ይደነግጋል። ስለሆነም ሥራው በመንግሥት ትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ የሚካሄድ ከሆነ ከርእሰ መምህሩና ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጋር በግልጽ ተስማምቶ፣ የማንበቢያ ጽሑፎቹም ስለ ላምና ስለ ዝናብ፣ ስለ ገበያና ስለ ጎረቤት ሆነው ይዘጋጁ። በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚካሄድ ቢሆንም የሌላ እምነት ተከታይ ጎረቤት ልጁን ሳይሰጋ ሊልክበት የሚችል መሆን አለበት። ሁለተኛው ቋንቋ ነው። ልጁ በትምህርት ቤት ንባብ የሚማረው በኦሮምኛ ወይም በሲዳምኛ ከሆነ ምዘናውም ትምህርቱም በዚያው ቋንቋ ይሁን፤ በአንድ ቋንቋ የጸና ንባብ ወደ ሌላው ይሻገራልና።

ስለ ምግብ በአጭሩ እናንሣ። የተራበ ልጅ አይማርም የሚለውን ለማወቅ ጥናት አያሻም፤ ጥናቶችም የትምህርት ቤት ምገባ ልጆች እንዳይቀሩ እንደሚያደርግ ያሳያሉ። ምገባው ብቻውን ግን ንባብ አያስተምርም። ጽዋ ማኅበራት በተራ አንድ እፍኝ ቆሎ ወይም ንፍሮ ለልጆቹ ቢያቀርቡ ለጾሙም ለፍስኩም ይስማማል፤ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውንም ልጅ ያቆየዋል።

የሚጀመርበትን ጊዜ አጥቢያው በራሱ ኑሮ ይወስነው። በገጠር ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት የሚዘጋበት ቢሆንም አረምና ጥበቃ ልጆቹን ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ ከዕረፍቱ ይልቅ ከኅዳር እስከ ጥር ያሉት ከሰዓቶች ይሻሉ ይሆናል። በከተማ ግን ክረምቱ ምቹ ነው። በየትኛውም ቢሆን የመጀመሪያው ምዘና ቀን፣ የእያንዳንዱ ልጅ ስም፣ ክፍልና ደረጃ በአንድ መዝገብ ይስፈር፤ ከሃምሳ የትምህርት ቀናት በኋላ ሌላ ሰው፣ ያላስተማራቸው ሰው፣ በሌላ ወረቀት ልጆቹን ይመዝናቸው። መዝገቡ ለሰበካ ጉባኤው በንባብ ይሰማ፤ ስንቱ ከፊደል ወደ ቃል፣ ስንቱ ከቃል ወደ አንቀጽ እንደተሻገረ፣ ስንቱም ካለበት እንዳልተነሣ። ያልተነሡት ልጆች ስም ከመዝገቡ አይሰረዝ፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ዓይናቸው ወይም ጆሯቸው የደከመ ሊሆን ስለሚችል በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ።